ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?

እንዲህ ያላለኝ ሰው የለም። ቡቺ መድማት ስትጀምር እኛም ቤት «ስሪያ ፈልጋ ነው» ተብሎ ሁለት ወር ዝም ተባለ። ስትታይ ግን በግንኙነት የሚተላለፈው የውሻ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ይህን ካንሰር የሚያስተላልፈው ቫይረስ አይደለም፤ ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገረው። ደግነቱ በቪንክሪስቲን ይድናል፤ በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 መርፌ።

መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ እኔ አንገቷን አቅፌ፣ ወንድሜ እግሯን ይዞ እስኪያልቅ ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምንጠብቀው። በማግስቱ ምግብ እምቢ ስትል እማዬ በጾም ቀን የሥጋ መረቅ ሠራችላት። «ውሻ ቤት አይገባም» ባይዋ እሷ ነበረች እኮ!

በበኩሌ ሕክምናው ቅንጦት ነው የሚለውን አልቀበልም። ያልታከመች ውሻ ለሰፈሩ ውሻ ሁሉ ታዳርሳለች። እኛ ደግሞ ስለ ዕጢው ተምረን፣ ተፈትነን፣ አልፈናል፤ ስለ ማስታመም ግን ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አልተነሳም። ከመርፌው በኋላ ሽንቷ የሚጸዳው በጓንት መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው። የውሻው ባለቤት ይህን ማንን ይጠይቅ? መምህራኖቻችን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን ምን ይላቸዋል?

አራተኛው መርፌ ሐሙስ ነው። ዕጢው ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ትናንት ደግሞ ፖስተኛውን አባራለች።