የማያውቁትን ሰው ገንዘብ ማን ይያዘው?

ማስታወቂያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የታማሚው ፎቶ፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከሥሩም «መርዳት ባትችሉ ሼር አድርጉ»። ከከምባታዋ ዶዮገና ተነሥቶ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታል የደረሰ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ቤተሰቡ እጁ ሲያጥር የሚዞረው ወደዚሁ ነው። በጎቹ ተሽጠዋል (የዶዮገና በግ ገበያ ላይ ስም አለው)፣ ከዕድር ተበድረዋል፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ዘመድ የቻለውን ልኳል። የቀረው የማይታወቀው ሰው ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ ይሰጣል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ 50 ብር ለመላክ ባንክ ቤት መሰለፍ ቀርቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጎረቤታቸውን ከጭቃ ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። በእጃቸውና በዶማ የሚቆፍሩ ሰዎችን ያሳየው ምስል በየስልኩ ሲዞር ጎፋ የት እንደሆነ በቅጡ የማያውቀው ሁሉ እጁን ዘረጋ። የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃው መቄዶንያም በየካቲት 2017 በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ባካሄደው ዘመቻ ሕዝቡ ለቀናት ሲሰጥ ሰንብቷል። እዚህ አገር ልግስና አላነሰም።

ያነሰው በሰጪና በተቀባይ መካከል የሚቆም አዋቂ ነው። የታማሚውን ፎቶ ወስዶ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይር አጭበርባሪ አለ። ታማሚው ካረፈ በኋላም ገንዘብ የሚገባበት ሒሳብ አለ። መድረኩ ራሱም ድርሻውን ይወስዳል፦ ቢቢሲ በጥቅምት 2015 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ በሶርያ መጠለያ ካምፖች ያሉ ቤተሰቦች በቲክቶክ ላይቭ ለልመና ተቀምጠው ከሚሰጣቸው ስጦታ ኩባንያው እስከ 70 በመቶ እንደሚያስቀር አግኝቷል፤ ቲክቶክ ድርሻዬ ከዚያ ያነሰ ነው ብሏል። የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያው ጎፈንድሚ ደግሞ ገንዘብ ከሚያስወጣባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ደቡብ አፍሪካም የለችም። ከአገር የወጡ የሐድያና የከምባታ ልጆች በብዛት የሚኖሩት ግን ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ስለዚህ ለዶዮገና ታማሚ ዘመቻ ሲከፈት ሒሳቡን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በአካል የማያውቀው የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ነዋሪ ይሆናል።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2017 ሊቢያ ውስጥ ኩፍራ ላይ እጇ ታስሮ አፏ የተለጎመ ኢትዮጵያዊት ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ፣ አጋቾቿ ከቤተሰቧ 6,000 ዶላር ይጠይቁ ነበር። ልቡ ያልተነካ አልነበረም። ይሁን እንጂ አጋቹም ያንን ልብ ያውቃል፤ ቪዲዮውን የሚቀርጸው ለእናትየው ብቻ ሳይሆን ሼር ለሚያደርገው ሁሉ ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በ2013 ከሊቢያ ማጎሪያዎች አንቀሳቃሾች መካከል ኪዳኔ ዘካሪያስን በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት፣ ተወልደ ጎይቶምን የ18 ዓመት እስራት ፈርዶባቸዋል። ንግዱ ግን አልቆመም። ልጆቹን በስደት መንገድ ለሚያጣ አካባቢ፣ የትኛው የድረሱልን ጥሪ ሕይወት እንደሚያተርፍ፣ የትኛውስ የሚቀጥለውን ታጋች ዋጋ እንደሚያስወድድ መለየት ለአንድ ስልክ ያዥ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከማያውቁት ሰው እርዳታ መሰብሰብን ከምባታ ከፌስቡክ በፊት ያውቀዋል። የከምባታ ተወላጇ የሴቶች መብት ተሟጋች ቦጋለች ገብሬ አሜሪካ ሳለች ማራቶን እየሮጠች ገንዘብ አሰባስባለች፤ መጻሕፍትም ወደ አገር ቤት ልካለች። ወደ ትውልድ መንደሯ ስትመለስ ስለ ኤችአይቪ ልታስተምር ነበር፤ ሕዝቡ ግን መጀመሪያ ድልድይ አላት። ድልድዩ ተሠራ። ከሩቅ የመጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል የቅርቡ ሰው ነው የወሰነው።

ዛሬ ያንን ቦታ የሚይዝ አለ፤ ዕድር። ዳኛና ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ማን እንደታመመ ያውቃል፣ ማን እንደሞተም ከማንም በፊት ይሰማል። ጥሪው በዕድሩ ማኅተም ይውጣ፤ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ የገባውና የወጣው በየሳምንቱ እዚያው ገጽ ላይ ይለጠፍ፤ የተባለው መጠን ሲሞላ ይዘጋ። የሕፃን ፊት ማሳየትም ግድ አይሆንም፤ ማኅተሙ ከዕንባው በላይ ያሳምናልና።

ዕድር ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሸክላ ሥራቸው ለዘመናት ሲገለሉ የኖሩ ቤተሰቦች፣ መጤዎች፣ ሕመማቸውን ጎረቤት እንዲያውቅባቸው የማይፈልጉ ሰዎች አሉ። ለእነሱ የማያውቁት ሰው የተሻለ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» አይልምና። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያከመው ጤና ጣቢያ ወይም የሚያመልክበት ቤት የዕድሩን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ በግል ሒሳብ ብቻ ከመቅረት ይሻላል።

ስልኩን የሚይዘው ወጣቱ፣ መዝገቡን የሚይዙት ሽማግሌዎች ቢሆኑ ሁለቱም የሚችሉትን ሠሩ ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ታማሚው ቢያርፍ የተረፈው ገንዘብ ለማን እንደሚሆን ነው፤ ለቤተሰቡ፣ ለቀጣዩ ታማሚ ወይስ ለሰጪዎቹ ተመላሽ? ይህን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ለመወሰን ከሞከረ ዕድር ይልቅ ቀድሞ የጻፈው ይቀለዋል።