የዝናብ ድምርና የዝናብ ቀን

አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ሲጀምር፣ ብዙ ሳይቆይ የዝናብ መግለጫ እጁ ላይ ይወድቃል። በመግለጫውም ላይ «የዘንድሮው ዝናብ በቂ ነው» ወይም «ካምናው ይበልጣል» የሚል ቃል ይጻፋል። ቃሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር እንዲህ ያለው እውነት ሰው ሊያስርብ የሚችል እውነት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል፣ ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ነፋሳት የሚገናኙበት መቀነት አብሯት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ እርጥበት ያዘለውም ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ወደ አገራችን ይገባል። ክረምት የምንለው ይኸው ነው። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትመለስ መቀነቱም ይመለሳል። ስለዚህ ዝናቡ በምዕራቡ አገር ቀድሞ ይገባል፤ ዘግይቶም ይወጣል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተሄደ ቍጥር ግን ክረምቱ እያጠረ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ደግሞ ጉና አለ። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከምዕራብ የመጣውን ደመና ቀድሞ ይቀበላል፤ ርብና ጉማራም ከእርሱ ወርደው ጣናን ይመግባሉ። ከተራራው ሥር በስተደቡብ ያለው የእስቴ ደጋ ከዚህ ሲሳይ ይካፈላል። ከጀርባ ያለው ጋይንት ግን የሚያገኘው የተረፈውን ነው፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው የስማዳ ቆላማ ከዚያም ያነሰውን። (ነፋስ መውጫን ነፋስ መውጫ ብሎ የሰየመው ሰው የአየር ጠባይ ትምህርት ሳይማር ብዙ ያወቀ ይመስለኛል።) ከዓመቱ ዝናብ ከሦስት እጅ ሁለቱን የሚበልጠው በክረምት ይወርዳል፤ በልግም አንዳንድ ዓመት ደጋውን ይጐበኛል፣ አንዳንድ ዓመት ረስቶት ያልፋል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ሁለት ቀበሌዎች በዓመት እኩል 800 ሚሊሜትር ዝናብ አገኙ እንበል። ባንደኛው ዝናቡ በሰኔ አጋማሽ ገብቶ እስከ መስከረም አጋማሽ በልኩ ይዘንባል። በሁለተኛው ሐምሌ 1 ቀን ይገባና ወሩን ሙሉ እንደ ጎርፍ ወርዶ ነሐሴ 20 ቀን ይቆማል። ድምሩ አንድ ነው። ጤፉ ግን ባንዱ ያፈራል፤ በሌላው ሊያሸት ሲል ይደርቃል። የሐምሌው ጎርፍ የገበሬውን አፈር ይዞ በሽሎ ገብቷል፤ በመዝገብ ላይ ግን ያው ዝናብ ተብሎ ተደምሯል። መለኪያውም በከተማ ደጋ ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ገደል ለገደል ወርዶ ከታች የሚያርሰው ሰው ከነጭራሹ አልተለካም።

በአዲስ አበባ ያደግን ልጆች ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለውን አባባል የምናውቀው በደስታ ነው፤ ጭቃው ሊደርቅ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። በስማዳ ያለ ገበሬ አባባሉ እውነት እንዳይሆንበት የሚጸልይበት ቀን ይኸው ነው። በዓሉ ደብረ ታቦር መባሉና የዞኑ ዋና ከተማም ይህንኑ ስም መያዙ የነገሩ አስገራሚ ገጽታ ነው።

ቃላችንም ቢሆን አንድ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው፤ በሚቲዎሮሎጂ ቋንቋ ግን ከግንቦት መጨረሻ ገደማ ይቈጠራል። ሹሙና ገበሬው «ክረምቱ ዘገየ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ አንድ ቀን ላይሆን ይችላል።

«ዝናብ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ የወረዳ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ዝናቡን አያመጣም፤ ቀኑን ግን ሊጽፍ ይችላል። በ2007 ዓ.ም. የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ሞቆ ኤልኒኖ የተባለው ክሥተት ክረምታችንን ባዛባ ጊዜ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዝናቡ ዘገየ፣ ተቈራረጠም፤ በተከታዩም ዓመት በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈለገ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከዚያ በፊት፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። በእንዲህ ያለ አገር ችግሩ የሚታወቀው በመኸር ጊዜ መሆን አልነበረበትም፤ በነሐሴ ሊታወቅ ይችላል።

ስለዚህ ወጣቱ ባልደረባዬ በመግለጫው ላይ ከድምሩ በፊት ሦስት ነገር እንዲጽፍ እመክረዋለሁ፤ ዝናቡ የገባበትን ቀን፣ በመካከል ለስንት ቀን እንደ ተቋረጠና የወጣበትን ቀን፤ ያውም ለደጋው ለብቻ፣ ለቆላው ለብቻ። ገበሬው በዚሁ ስሌት ሲሠራ ኖሯል። በሚያዝያና በግንቦት ያሰበው ማሽላ ካልበቀለ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ካልሆነለት በዋልካ መሬቱ ላይ የቀረችውን እርጥበት ተሻምቶ ሽምብራ ያደርጋል። ለዚህ የቀረው ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። የሽምብራው ዘር ማመልከቻ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ከርሞ ዘሩ በጥቅምት መጨረሻ ወገዳ ቢደርስ፣ ዋልካው ያን ጊዜ ተሰነጣጥቋል።