የኢንተርኔት ስምና መንገድ የሁላችንም ጥበቃ ይሻል

የመገናኛ መንገዶች የምርትና የሥርጭት ደም ሥሮች መሆናቸው የታወቀ ነው። ቀድሞ ይህ ሲባል የባቡር ሐዲድን፣ የመኪና መንገድንና የቴሌግራፍ ሽቦን ያመለክት ነበር። ዛሬ ግን ደመወዙን በስልኩ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛም ሆነ የመብራት ሒሳቡን ከቤቱ ሆኖ የሚከፍለው የሰፈር ነዋሪ ዕለታዊ ኑሮው ከኢንተርኔት ጋር ተሳስሯል። ስለዚህ የዚህ መገናኛ ደኅንነት ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም ብለን እናምናለን።

ጉዳዩን በትክክል ለመረዳት ከመሠረቱ መነሳት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት አንድ ወጥ መረብ ሳይሆን በየራሳቸው የሚተዳደሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መረቦች ትስስር ነው። ትስስሩ የቆመውም በሁለት ምሰሶዎች ላይ ነው። አንደኛው ዲኤንኤስ የሚባለው የስም ሥርዓት ሲሆን፣ ሰው የሚጽፈውን ስም መሣሪያዎች ወደሚግባቡበት ቁጥራዊ አድራሻ ይለውጣል። ሁለተኛው ቢጂፒ የሚባለው የመንገድ ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት እያንዳንዱ መረብ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» እያለ ለጎረቤቱ ያስታውቃል፤ ጎረቤቱም ለሌላው ያስተላልፋል። የመጀመሪያው በ1983፣ ሁለተኛው በ1989 ሲቀየሱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መረቡን የሚጠቀሙት በአመዛኙ የምርምር ተቋማት ነበሩ። በመሆኑም የተነገረው ቃል እውነት መሆኑ የሚረጋገጥበት ዘዴ አልተበጀላቸውም። መሠረታዊው ቅራኔ ይኸው ነው፤ በጥቂቶች መተማመን ላይ የተሠራው መሣሪያ ዛሬ ቢሊዮኖችን ተሸክሟል።

ቅራኔው የሚያስከትለውን አደጋ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የደረሰው ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ በአገሪቱ ውስጥ እንዲታገድ አዘዘ። ፓኪስታን ቴሌኮም ትእዛዙን ለመፈጸም ሲል ከዩቲዩብ አድራሻዎች መካከል 256ቱ በእርሱ በኩል እንደሚገኙ አስታወቀ። ማስታወቂያው በአገሪቱ ወሰን ውስጥ መቅረት ሲገባው ፒሲሲደብልዩ ወደተባለው ዓለም አቀፍ አስተላላፊ ድርጅት ሾለከ፤ ድርጅቱም ሳያጣራ ለዓለም አሠራጨው። ዩቲዩብ ራሱ ያስታወቀው 1,024 አድራሻዎችን የያዘ ሰፋ ያለ ክልል ነበር። በቢጂፒ ደንብ ደግሞ ጠባቡ ክልል ከሰፊው ይቀድማል። በዚህ ምክንያት ዩቲዩብን የሚፈልገው የዓለም ሕዝብ ጥያቄ ወደ ፓኪስታን ጎርፎ እዚያው ጠፋ። ነገሩ እስኪስተካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ጥፋቱ የተሳሳተውን ቃል የተናገረው ወገን ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ቃሉን ሳይመረምር ተቀብሎ ያስተላለፈው ጎረቤትም እኩል ተጠያቂ ነው።

በስሕተት የሆነውን ሌባ ሆን ብሎ ሊፈጽመው እንደሚችል ደግሞ ኤፕሪል 24 ቀን 2018 ታየ። በአሜሪካ ኦሃዮ በሚገኝ አንድ አገልግሎት ሰጪ መረብ በኩል የአማዞን የስም አገልጋዮች አድራሻዎች በሐሰት ታወጁ። ማይኢተርዋሌት የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ አገልግሎት በስሙ የፈለጉ ሰዎችም ወደ አስመሳይ አገልጋይ ተመሩ። የኮምፒዩተራቸው ማሳያ ማስጠንቀቂያ እያሳየ ችላ ብለው ያለፉት ገንዘባቸውን ተዘረፉ፤ የጠፋውም ወደ 150 ሺህ ዶላር ተገምቷል። እዚህ ላይ መንገዱ ሲሰረቅ ስሙም አብሮ እንደሚሰረቅ ልብ ማለት ያሻል።

ሌላው አንገብጋቢ ጥያቄ የቁጥጥር ጥያቄ ነው። ኢንተርኔት የበቀለው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ ከተቋቋመ መረብ ነው። የስም ሥርዓቱን ሥር የያዙትን 13 አገልጋዮች የሚያስተዳድሩት 12 ድርጅቶች ሲሆኑ፣ 9ኙ አሜሪካውያን ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ በስዊድን፣ በኔዘርላንድስና በጃፓን ይገኛሉ። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በሥሩ ላይ የነበረው የበላይ ተመልካችነት ኦክቶበር 1 ቀን 2016 አብቅቷል፤ የአገልጋዮቹ ቅጂዎችም በዓለም ዙሪያ ከ1,500 በላይ ደርሰዋል። ይህ እርምጃ ቢሆንም የቅጂ መብዛት ብቻውን የእኩልነት ማረጋገጫ አይደለም።

ይሁንና ችግሩን ሁሉ በባዕድ ማሳበብ ራስን ማታለል ነው። የአፍሪካን አድራሻዎች የሚያድለው መዝገብ አፍሪኒክ ሲሆን መቀመጫው ሞሪሸስ ነው። ከዚህ መዝገብ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ አድራሻዎች ያላግባብ መመዝበራቸው በ2019 መጋለጥ ጀመረ። ከዚያም ድርጅቱ በክስ ብዛት ተሽመደመደ፤ በ2023 ፍርድ ቤት በአደራ የሚያስተዳድር ሰው ሾመለት፤ አዲስ ቦርድ የተመረጠው በ2025 ነው። የሕዝብ ሀብት የሆነ መዝገብ ነቅቶ የሚጠብቀው ባለቤት ሲያጣ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የመዝገቡ መታመን ለመፍትሔውም ወሳኝ ነው። ዛሬ ስሞች ዲኤንኤስሴክ በተባለው የፊርማ ዘዴ ይታተማሉ፤ ሥሩ ራሱ ጁላይ 15 ቀን 2010 ተፈርሟል። የአድራሻ ባለይዞታዎችም አርፒኬአይ በተባለው ዘዴ የይዞታ ማረጋገጫ ያገኛሉ፤ በ2024 ከዓለም የአይፒቪ4 መንገዶች ግማሽ ያህሉ በዚህ ተሸፍነዋል። ለአፍሪካ ማረጋገጫውን የሚሰጠው አፍሪኒክ ስለሆነ መዝገቡ ሲታመም ፊርማውም ይታመማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊርማ የሚረባው ተቀባዩ ሲመረምረው ብቻ ነው። አንዱ ቤቱን ቢቆልፍ የሰፈሩ በር ክፍት ካደረ ጥበቃ አለ ማለት አይቻልም።

ስለሆነም የቴሌኮም ድርጅቶች የራሳቸውን መንገድ መፈረምና የሌላውን መመርመር ግዴታቸው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ስማቸውን እንዲያሳትሙ፣ ነጥብ ኢቲ የሚለው የአገራችን የስም ምልክትም በዚሁ ዘዴ እንዲጠበቅ ሠራተኛውም ነዋሪውም የመጠየቅ መብት አለው። እያንዳንዱ ተጠቃሚም በስልኩ ላይ የሚታየውን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ አይለፍ፤ በየማኅበሩም ያወቀው ላላወቀው ያስረዳ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህኛውም ድር ይሠራል። የማያብር ድር ግን ለሌባ መረማመጃ ከመሆን አያልፍም።