«ፎርማት አድርገው» ምክር አይደለም

ኡቡንቱ የጫነ ጓደኛችሁ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ ይመጣል። ፕሮግራም ሊጭን ሞክሮ ተርሚናሉ እምቢ ብሎታል። ይሄ ፓኬጅ ያንን ይፈልጋል፣ ያኛው ግን አይጫንም፣ የተሰበሩ ፓኬጆች ይዘሃል፣ ምናምን። ከመካከላችን አንዱ ስክሪኑን እንኳ ሳያይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፦ «ፎርማት አድርገው!» ትንሽ የነቃ የሚመስለው ደግሞ «ኧረ ተው፣ ፎርስ የምትል ቃል ጨምርባት፣ ትገባለች» ይላል።

እኔ ሁለቱንም ምክር ብዬ መጥራት ትቻለሁ። የመጀመሪያው ችግሩን ሳያውቅ ቤቱን ያፈርሳል፤ ሁለተኛው ችግሩን ሳያውቅ በሩን ይሰብራል። ሁለቱም መልእክቱን አላነበቡም። እኔ ካየኋቸው የተበላሹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹን ያበላሻቸው ግጭቱ ሳይሆን ግጭቱ ላይ የተወሰደው «መፍትሔ» ነው።

ይህን ስጽፍ እጄ ንጹሕ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የዶርሙ የኮምፒውተር ሐኪም እኔ ነበርኩ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ ማታ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ፕሮግራም አልጫንም ብሎታል። መልእክቱን አላነበብኩትም። ፍላሼን ሰካሁ፣ አዲስ ኡቡንቱ ጫንኩለት፣ እንደ ጀብደኛ ተኮፍሼም ተኛሁ። ጠዋት «ፕሮጀክቴ የታለ?» አለኝ። ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼው ነበር። የሁለት ወር ሥራ! ልጁ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጻፈው። ዓመት ቆይቶ ያው መልእክት በራሴ ኮምፒውተር ላይ መጣና አነበብኩት። መፍትሔው ከውጭ የጨመርኩትን አንድ የፓኬጅ ምንጭ ማንሳትና አንድ ላይብረሪ ወደ ኡቡንቱ የራሱ ቨርዥን መመለስ ነበር። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ለመሆኑ ግጭቱ ምንድን ነው? ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡ። ቧንቧው አንድ ነው፤ ሁሉም ከእሱ ይቀዳል። በሊኑክስም ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ላይብረሪ በጋራ ይጠቀማሉ። አንዱ ተከራይ ለራሱ እንዲመቸው ቧንቧውን በሌላ ቢቀይረው የጎረቤቱ ማድጋ ባዶ ያድራል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፓኬጅ ፍላጎቱን አስቀድሞ የሚያስመዘግበው፦ ከዚህ ቨርዥን በታች አልሠራም፣ ከእገሌ ጋር አብሬ አልኖርም። በ1993 የተጀመረው ደቢያን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጆች አሉት፤ ኡቡንቱም የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ቃል ኪዳን የጻፉት ሰዎች ናቸው። አፕት እምቢ ሲላችሁ «አንዱን ካስገባሁ ለሌላው የገባሁትን ቃል አፈርሳለሁ» እያላችሁ ነው። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ የለም።

እኛ ግን አፉን እንለጉመዋለን። ምሳሌ ልስጥ። በ2022 የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የመጣው የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ ቨርዥን 3 ብቻ ነው። አሮጌውን 1.1 የሚፈልግ ፕሮግራም ስትጭኑ እምቢ ይላል። ያኔ አዋቂው ጓደኛችን ከ20.04 ፋይሉን አውርዶ ይጭንና ይሠራል! ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የ1.1.1 የነጻ ድጋፍ በመስከረም 2023 አብቅቷል። የ22.04 ማከማቻም ይህን ላይብረሪ ስለማያውቀው አፕዴት ባደረጋችሁ ቁጥር ዝም ብሎት ያልፋል። የይለፍ ቃላችሁን ከሰው ዓይን የሚጠብቀው ክፍል አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። ከደቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ጀምሮ ፒፕ የፓይተን ፓኬጅ በቀጥታ ሲስተሙ ላይ ልጫን ስትሉት ይከለክላል። የኡቡንቱ ብዙ መሣሪያዎች ራሳቸው በፓይተን ስለተጻፉ ነው። ክልከላውን ማለፊያ ቃል ግን አለው፤ ስሙ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ነው። የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር! ከዚህ በላይ ምን ይበሉን? ሰዎች ይህን ቃል ኮፒ አድርገው ይለጥፉትና በሳምንቱ «ኡቡንቱ አይረባም» ይላሉ። ለአንድ ፕሮጀክት የተለየ የፓይተን ክፍል መክፈት አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር።

ዝነኞቹም አይተርፉም። በ2021 መጨረሻ ላይ ታዋቂው ዩቲዩበር ሊነስ ሰባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በተባለው ሊኑክስ ላይ ስቲምን ሊጭን ሞከረ። አፕት አስፈላጊ ፓኬጆች ሊጠፉ መሆኑን፣ የሚያደርገውን በትክክል ካላወቀ እንዳይቀጥል አስጠነቀቀው። ለመቀጠል «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» የሚል ዓረፍተ ነገር በእጁ መጻፍ ነበረበት። ጻፈው። ዴስክቶፑ በሙሉ ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

«ቆይ፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የፓኬጁ ስህተት የአዘጋጆቹ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም በረጅም ዝርዝር ውስጥ ተቀብሮ ነበር። አዘጋጆቹ ስህተቱን አረሙ፣ የአፕት ሰዎችም ያን በር አጠበቡት። የመልእክቶቹም አጻጻፍ ያሳፍራል። ምንም ላልያዘ ሰው «የተሰበሩ ፓኬጆች ይዘሃል» ይሉታል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። አፕት ራሱም መፍትሔ እያለ የሚያጣበት ጊዜ አለ፤ ይህ ዓይነቱ ስሌት በባሕርዩ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን የሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ ካልተነበበ ፋርማሲስቱን እንጠይቃለን እንጂ በሽተኛውን አንቀብረውም።

«ታዲያ ፍላትፓክና ስናፕ ለምን መጡ?» የሚልም አለ። ለእያንዳንዱ ተከራይ የየራሱን ቧንቧ ለመዘርጋት ነው። እኔም ለአንዳንድ ፕሮግራም እጠቀምባቸዋለሁ። ሂሳቡን ግን አስቡት። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ በፍላትፓክ ስትጭኑ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ተከትሎ ሊመጣ ይችላል። ዋይፋይ ቤቱ ላለው ቀላል ነው። በስልክ ዳታ ለሚኖር፣ ፓኬጅ ከመሥሪያ ቤት በፍላሽ አውርዶ ቤቱ ለሚጭን ልጅ ግን ቀልድ አይደለም። «ፎርማት አድርገው» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ብቻውን ወደ 6 ጊጋባይት ነው፤ አፕዴቱ ገና ነው። ስንፍናችንን በሰው ብር እየከፈልን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያ የራሳችሁን ፋይሎች ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ መልእክቱ ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን «ይፈልጋል» ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የግጭቱ ባለቤት እዚያ ነው። «አፕት ፖሊሲ» ብላችሁ የዚያን ፓኬጅ ስም ጻፉ። የትኛው ቨርዥን እንደተጫነ፣ የትኛው እንደታጨ፣ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል። ከውጭ ከጨመራችሁት ምንጭ ወይም ከሌላ የኡቡንቱ ቨርዥን ከመጣ በደለኛውን አገኛችሁት ማለት ነው። ደቢያኖች ከተለያየ ቨርዥን የተሰፋውን እንዲህ ያለ ሲስተም «ፍራንከን-ደቢያን» ብለው ያሾፉበታል። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ አፕትን በሙከራ ብቻ እንዲሠራ እዘዙትና «ይጠፋሉ» የሚለውን ዝርዝር እዩ። የዴስክቶፓችሁ ስም እዚያ ካለ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ።

ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም፤ አምስት መስመር ማንበብ ነው። እምቢታን ማንበብ ያልለመደ ሰው ግን ኮምፒውተሩን በቀየረ ቁጥር ያው ችግር አብሮት ይሄዳል፤ ሲስተሙን እንጂ ልማዱን ፎርማት አላደረገም።

ስለዚህ ነገ ያ ጓደኛችሁ ፊቱን አጥቁሮ ሲመጣ ፍላሻችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። አጠገቡ ቁጭ በሉና ያን ማታ እኔ ያልጠየቅኩትን ጠይቁት፦ «ምን አለህ? እስቲ አንብብልኝ።»