ባሕሩን ስትሰቅሉ ሰዎቹን አትቁረጡ

የእኛ ዕድሜ ልጆች ግድግዳ ላይ ባሕር ይወዳሉ። ደመወዝ ተይዞ ቤት ሲከራዩ፣ ከሶፋውና ከመጋረጃው ቀጥሎ የሚታሰበው በፍሬም የገባ ማዕበል ነው። ሸራዋን የወጠረች መርከብ፣ ቀይ ጀንበር፣ ሰማያዊ ውኃ። "ቤቱን ቀለል ያደርገዋል" ይባላል። ሠዓሊው ማነው? መርከቧ ከየት ወዴት ትሄዳለች? ምን ጭናለች? የሚጠይቅ የለም። ሻጩም አይነግርም። እሱ ሥዕሎቹን የደረደረው በቀለም ነው፤ ሰማያዊው እዚህ፣ ብርቱካናማው እዚያ፣ ይኼኛው ከሶፋ በላይ፣ ያኛው ለመኝታ ቤት።

እኛ ደግሞ ይኼ ነውር ነው እንላለን። ለምን እንደሆነ አንድ ሥዕል ይዘን እንነጋገር።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊሊያም ተርነር እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕዝብ ያሳየው ሥዕል ዛሬ ቦስተን ሙዚየም ውስጥ አለ። ከሩቅ ሲያዩት የሚነድ የጀንበር መጥለቂያ፣ የሚናወጥ ባሕርና ከወደ ግራ አንዲት መርከብ ነው። ለሳሎን የተሠራ ይመስላል። በአጭሩ "የባሪያ መርከብ" ይሉታል። ተርነር የሰጠው ሙሉ ርእስ ግን የባሪያ ነጋዴዎች የሞቱትንና የሚያጣጥሩትን ወደ ባሕር ሲወረውሩ፣ አውሎ ነፋስም እየመጣ መሆኑን ይናገራል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ በስተቀኝ ከታች ከውኃው ሽቅብ የወጣ እግር አለ። እግር ብረቱ አልወለቀም። ዓሦች ከበውታል።

ለሥዕሉ መነሻ ሆኗል ተብሎ በሰፊው የሚነገረው ዞንግ የምትባለው መርከብ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 የመርከቧ ሰዎች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ከነነፍሳቸው ባሕር ውስጥ ጣሉ። ባለቤቶቹስ ምን አደረጉ? ኢንሹራንስ ጠየቁ! በአንድ ሰው 30 ፓውንድ። ነገሩ በ1783 እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲቀርብም ክሱ የነፍስ ግድያ አልነበረም። ስለ ጠፋ ጭነት ካሳ ነበር የተከራከሩት።

ሰዎቹን ትቶ ባሕሩን ማድነቅ ዛሬ አልተጀመረም። ዕውቁ ሃያሲ ጆን ራስኪን በ1843 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህን ሥዕል ባሕር፣ ቀለሙንና ብርሃኑን፣ እያሞጋገሰ ጽፏል። መርከቧ ሰዎችን ወደ ባሕር የምትጥል የባሪያ መርከብ መሆኗን በግልጽ የነገረን የት ነው? በግርጌ ማስታወሻ! እሺ፣ ራስኪን ቢያንስ የግርጌ ማስታወሻ ነበረው። የዘመናችን ሳሎን እሱም የለውም።

መቀስም አለ። የተርነር ሥዕል ቁመቱ 91፣ ወርዱ 123 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ከሶፋ በላይ የሚሰቀለው ግን ብዙ ጊዜ ረጅምና ቀጭን ነው። እንግዲህ ሥዕሉን በዚያ ልክ ለማድረግ ከላይና ከታች መቁረጥ ግድ ነው። ከታች ያለው ማነው? ያ እግር ነው። ጀንበሯ ትቀራለች፣ ሰውየው ሁለተኛ ይሰጥማል። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም፤ የሶፋው ልክ ሆኖ ነው። ለእኛ የሚከብደንም ይኼው ነው። የአፍሪካ ልጅ አካል የሶፋ ልክ ሲሆን ዝም ማለት አንችልም።

"ደክሞኝ ስገባ ሬሳ ማየት አለብኝ?" የሚል አይጠፋም። የለብህም ወዳጄ። ባሕሩን ብቻ የሣሉም ሞልተዋል፤ ፈረንሳዊው ኩርቤ ሰው የሌለበት ማዕበል ደጋግሞ ሥሏል። እሱን ስቀል። ሰው ያለበትን ወስደህ ሰውየውን አውጥተህ አትጣል ነው የምንለው።

"ቅጂ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?" የሚልም አለ። ቅጂን አልነቀፍንም። የጃፓኑ ሆኩሳይ "ታላቁ ማዕበል" እኮ ከመነሻውም ኅትመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ግድም በእንጨት ተቀርጾ፣ በብዛት እየታተመ፣ ለተራው ሰው በርካሽ ይሸጥ ነበር። ታዲያ ሆኩሳይ ርእሱንና ፊርማውን የት አደረገ? እዚያው ሥዕሉ ውስጥ፣ ከላይ በስተግራ። ከማዕበሉ ሥር ደግሞ ሦስት ጀልባዎች አሉ፤ ቀዛፊዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሙጭጭ ብለዋል። ዛሬ በየስልክ ሽፋኑና በየቲሸርቱ ማዕበሉ ብቻ ተቆርጦ ሲወጣ ርእሱም ቀዛፊዎቹም የሉም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም በርካሽ የሚሸጥ ወረቀት ስሙን ይዞ ይወጣ ከነበረ፣ የዛሬው ባለ ፍሬም ምን ከለከለው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሻጮች ሆይ፣ ሥዕሉን ሳትቆርጡ አትሙ፤ የሠዓሊውን ስም፣ ሙሉ ርእሱን፣ ዓመቱንና ዋናው ያለበትን ቦታ ከሥሩ ጻፉ። አንድ መስመር ነው። ገዢዎች ሆይ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት "ይቺ መርከብ ምን ጭናለች?" በሉ። መልስ የሌለው ሻጭ ዋጋም አይቁረጥላችሁ።

አስቀድሞ የሰቀለስ? ዛሬ ማታ ፍሬሙን አውርዶ ጀርባውን ይመልከት። ምንም ካልተጻፈበት ፈልጎ ያግኝና በእስክሪብቶ ይጻፍበት። እንግዳ መጥቶ "እንዴት ደስ የሚል ባሕር ነው!" ሲል የሚነግረው ነገር ይኖረዋል።