በመጀመሪያው ቅዳሜ የተሰጠ ፍርድ

 

ግቢ ውስጥ ስለ ኳስ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይሄዳል። ዛሬ ግን እኛ አገር ብዙ ተከታይ ስለሌለው ጨዋታ፣ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ልናወጋችሁ ነው። ወደዚህ ወሬ የሳበን የደጋፊዎቹ ነገር ነው። የውድድር ዘመኑ በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን አንዱን ቡድን ሰማይ አድርሰው ሌላውን መቃብር ያስገባሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ የመጀመሪያ ቀን ውጤት ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥቆማውን ፍርድ ያደረገ ሰው ሌላውንም ይጎዳል፣ ከውጤቱ ሊማር የሚችለውንም ያጣል።

መጀመሪያ ጨዋታውን እናስተዋውቅ። ኳሷ ሞላላ ናት። ከየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሷን በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፣ ይወረውራሉ፣ አንዳንዴም በእግር መትተው በሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል ያሳልፏታል። በዚህ መንገድ ያለፈች ኳስ 3 ነጥብ ታስገኛለች። ተጫዋቾቹ እንደ እኛው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። ተመልካቹ ግን እጅግ ብዙ ነው፤ በአን አርበር ከተማ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ100,000 ሰው በላይ ይይዛል። "ትልቁ ቤት" የሚሉትም ለዚህ ነው።

አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው 12 ጨዋታ ያህል ብቻ ነው። ውድድሩ በነሐሴ መጨረሻ ተጀምሮ በኅዳር ይጠናቀቃል፤ ደጋፊው የቀረውን ወር ሁሉ በመጠበቅ ያሳልፋል። በዚያ ላይ የምናነሳው ታሪክ በተፈጸመበት ዘመን ለዋንጫ የሚጋጠሙት በድምፅና በኮምፒውተር ስሌት የሚመረጡ ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አንዲት ሽንፈት የዓመት ተስፋ ልታጠፋ ትችል ነበር። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ያን ያህል የምትከብደው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ደጋፊው በባዶ ሜዳ ነው የሚያብደው አንልም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ቀኑ ነሐሴ 26 ቀን 1999 ነበር፤ በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007። እኛ አገር የሚሊኒየሙን አዲስ ዓመት ለመቀበል ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን መሆኑ ነው። የሚሺጋን ቡድን ከአገሪቱ ቡድኖች 5ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። በቀደመው ዓመት 11 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው በ2 ብቻ ነው። ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾቹ ቻድ ሄኒ፣ ማይክ ሃርትና ጄክ ሎንግ ለመጨረሻ ዓመታቸው ተመልሰው ነበር። ደጋፊው ዋንጫ ይጠብቃል።

እንግዳው አፓላቺያን ስቴት ይባላል። በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች መካከል ካለችው ቡን ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ ነው። የሚወዳደረውም በታችኛው ምድብ ነበር። በዚያን ጊዜ የላይኛው ምድብ ቡድን ለ85 ተጫዋቾች ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠት ሲፈቀድለት፣ የታችኛው የሚፈቀድለት 63 ብቻ ነበር። አፓላቺያን ስቴት በራሱ ምድብ በ2005 እና በ2006 ዋንጫ ቢያነሳም፣ አን አርበር ድረስ የተጠራው ሌላ ነገር ታስቦ ነው። ሚሺጋን ለዚህ ጨዋታ 400,000 ዶላር ከፍሎታል። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ትንሹን ቡድን ከፍለው ይጠሩታል። ያልተጻፈው ስምምነት ለሁሉም ግልጽ ነው፦ እንግዳው ገንዘቡን፣ ባለሜዳው ድሉን ይወስዳል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። እንግዶቹ እረፍት የወጡት 28 ለ17 እየመሩ ነው። ሚሺጋን ተነሳ፤ ማይክ ሃርት 54 ያርድ ሮጦ ባስቆጠረው ነጥብ 32 ለ31 መምራት ጀመረ። ጨዋታው ሊያልቅ 26 ሰከንድ ሲቀረው የእንግዶቹ መቺ ጁሊያን ራውሽ ኳሷን በቋሚዎቹ መካከል አሳለፋት፤ 34 ለ32 ሆነ። ሚሺጋን በቀረችው ጥቂት ሰከንድ እየሮጠ መጥቶ ለመምታት ተዘጋጀ። ኳሷ ተመታች፤ ኮሪ ሊንች የሚባለው ተከላካይ ዘሎ ገታት። ከ109,000 በላይ ሰው ዝም አለ።

ደጋፊዎቹ ምን አደረጉ? በቡን ከተማ ተማሪው ከየዶርሙ ወጥቶ መንገድ አጥለቀለቀ። ጨዋታው የተካሄደው በሌላ ግዛት ቢሆንም ወደ ራሳቸው ባዶ ስታዲየም ገብተው የጎሉን ቋሚ ነቀሉት፤ ተሸክመውም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቤት ግቢ ድረስ ወሰዱት። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔትም ድሉን የፊት ገጹ ላይ አወጣው።

በሚሺጋን በኩል ደግሞ ሐዘኑ ወደ ንዴት ለመዞር ጊዜ አልፈጀም። አሰልጣኝ ሎይድ ካር ይባረር ተባለ። ይህ ሰው ከ10 ዓመት በፊት ቡድኑን ያለ አንዳች ሽንፈት ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ያበቃ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተረሳ። ተጫዋቾቹም ስድቡን ተቀበሉ፤ በዘመኑ ሕግ ከትምህርት ዕድላቸው በቀር ደመወዝ የማይከፈላቸው የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ተማሪዎች! ድምፅ ሰጪዎቹም ቢሆኑ 5ኛ ያሉትን ቡድን በሳምንቱ ከ25ቱ ዝርዝር ጨርሰው አወጡት።

ከዚያስ? በሁለተኛው ሳምንት ኦሪገን የሚባለው ቡድን እዚያው ሜዳ ላይ ሚሺጋንን 39 ለ7 አሸነፈው። "ብለን አልነበር!" የሚለው በዛ። ከመካከላችን ኢንጂነሪንግ የሚማሩት ያውቁታል፦ ግራፍ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ካለች በእርሷ የሚያልፍ መስመር በፈለጉት አቅጣጫ መሳል ይቻላል። ሁለተኛ ነጥብ ስትጨመር መስመሩ የተወሰነ ይመስላል። ልኬቱ ግን ገና አላለቀም። ሚሺጋን ቀጥሎ 8 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በመጨረሻ በዊስኮንሲንና በኦሃዮ ስቴት ተሸነፈ፤ ሎይድ ካርም ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። በጥር 2008 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኃያሉን ፍሎሪዳ 41 ለ35 አሸንፎ ዓመቱን በ9 ድልና በ4 ሽንፈት ዘጋ። በነሐሴ "ያለቀለት" የተባለው ቡድን አሰልጣኙን በድል ሸኘ።

የአሸናፊው ነገርም እንዲሁ ነው። "የሚያቆመው የለም" የተባለው አፓላቺያን ስቴት ወሩ ሳያልቅ ዎፎርድ በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ተሸነፈ። ሽንፈቱ ግን አልጣለውም፤ በዓመቱ መጨረሻ ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫውን አነሳ። በላይኛው ምድብ ያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ሉዊዚያና ስቴትም ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ነው ዋንጫውን የበላው።

አንድ ሰው ሊከራከረን ይችላል፤ "ታዲያ የመጀመሪያው ጨዋታ ምንም አልነገረንም ማለት ነው?" ይለናል። ነግሯል፣ በደንብ ነግሯል። አፓላቺያን ስቴት ተጫዋቾቹን በሜዳው ስፋት በትኖ፣ ኳርተርባክ የሚባለው ኳስ አከፋፋይ ራሱ ኳሷን ይዞ በሚሮጥበት ስልት ነው የተጫወተው። የሚሺጋን ተከላካዮች አርማንቲ ኤድዋርድስ የተባለውን ፈጣን ልጅ መያዝ አቃታቸው። ኦሪገንም የመጣው በዚያው ዓይነት ስልት ነው። ጥቆማው እንግዲህ ግልጽ ነበር፦ "እዚህ ቦታ ላይ፣ በዚህ ዓይነት ጫና ስትሰነጠቁ ታይታችኋል" የሚል። ምሰሶ ሲሰነጠቅ መሐንዲስ ሕንጻውን አይረግምም፤ የት ቦታ፣ በምን ጭነት እንደተሰነጠቀ ይመረምራል። "አሰልጣኙ ይባረር፣ ልጆቹ አይረቡም" የሚል ጩኸት ግን ይህን ጥቆማ ይቀብረዋል። ፍርድ ምርመራን ያስቀራል።

የቀጣዩን ዓመት ደግሞ ተመልከቱ። ደጋፊው የተመኘው አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ሪች ሮድሪጌዝ ይባላል፣ ያንን የበተና ስልት በማሳደግ የታወቀ ነው። ሚሺጋን በ2008 ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ሲሆን በ9 ተሸነፈ። መራራው ጩኸት ያመጣው ፈውስ አልነበረም።

በዲናችንም ይህን የሚመስል ታሪክ እናውቃለን። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመል አል-ዐድባእ በውድድር የምትቀደም አልነበረችም። አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመል መጥቶ ቀደማት፤ ነገሩ በሙስሊሞቹ ላይ ከበደ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከፊታቸው ሲያዩ፣ በዚህች ዓለም ከፍ ያለን ነገር ሁሉ ዝቅ ማድረግ የአላህ ሥራ መሆኑን ነገሯቸው። ታሪኩ ቡኻሪ ዘንድ ይገኛል። በዚያች ቀን ግመሏ አልተዋረደችም፤ ባለድሉ ገጠሬም አልተናቀም። የሽንፈት ሐዘን ተፈጥሯዊ ነው፤ አፍ ግን ልጓም አለው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ግቢያችን ውስጥም የመጀመሪያ ቅዳሜ ስላለ ነው። ስሙ ሚድ ይባላል። የፍሬሽ ተማሪ የመጀመሪያ ሚድ ውጤት በተለጠፈ ማግሥት ዶርሙ ፍርድ ቤት ይሆናል። "እሱ እኮ ለማቲማቲክስ አልተፈጠረም"፣ "እሷ ወደ ሌላ ዲፓርትመንት ብትሄድ ይሻላታል"። የሚፈረድበት ልጅ ብዙ ጊዜ ላብራቶሪን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ከሚያውቅበት የገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ጠዋት ሒፍዝ፣ ከሰዓት ክፍል ሲሯሯጥ ያደገም አለ። እንደ አፓላቺያን ስቴት ቁጥር ሊሞላ የተጠራ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከ100 ውስጥ 38 ሲያመጣ "ይኸው!" ይባላል። ልጁ ይህን በሁለት ወር ውስጥ ደጋግሞ ከሰማ ያምነዋል፤ ካመነ ደግሞ ሻንጣውን ማሰር ይጀምራል። ከዚህ ጨዋታ የሚገኘው ኪሳራ የ400,000 ዶላር አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ ተስፋ ነው።

በሌላ ወገን ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ልጅም ይጎዳል። ቋሚ ተነቅሎለት፣ ተጨብጭቦለት ይተኛል። የእርሱ ዎፎርድ ፋይናል ላይ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ጀመዓችን ምን ያድርግ? ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የማንንም ውጤት ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ የዶርምና የካፌ ወሬ አናድርገው። ሁለተኛ፣ ከሚድ በኋላ ባለው ሳምንት ሲኒየር ወንድሞችና እህቶች ለየብቻ የጥናት ቡድን ይክፈቱ፤ የፈተናውን ወረቀት ይዘው "የት ጋ ነው የተሳትከው?" ብለው ጥያቄ በጥያቄ አብረው ይመልከቱ። ቀመሩን ነው ያላወቀው? እንግሊዝኛው ነው የከበደው? ወይስ ሰዓት ነው ያለቀበት? መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ሦስተኛ፣ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ከመስጂድና ከፕሮግራሞቻችን በኀፍረት እንዳይሸሽ ቀድመን እንፈልገው። ደጋፊ የሚያስፈልገው የተሸነፈ ቡድን ነው።

በመጨረሻም ስለነዚያው ሁለት ቡድኖች አንድ ነገር እንጨምር። በ2014 እዚያው አን አርበር፣ በውድድር ዘመኑ የመክፈቻ ጨዋታ ዳግም ተገናኙ። ሚሺጋን 52 ለ14 አሸነፈ፤ ደጋፊውም የቆየ ቁስሉ ተሻረለት። አፓላቺያን ስቴት ወደ ላይኛው ምድብ ያደገበት የመጀመሪያ ዓመቱ ነበርና "ቦታህ እዚህ አይደለም" ያሉት አልጠፉም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሚሺጋን 5 አሸንፎ በ7 ተሸንፎ አሰልጣኙን አሰናበተ። አፓላቺያን ስቴት የመጨረሻዎቹን 6 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ በ7 ድልና በ5 ሽንፈት ጨረሰ። በመክፈቻው ቅዳሜ የፈረደ ሰው ያን ዓመት በሁለቱም ላይ ተሳስቷል።

የዘንድሮው ሚድ ሳምንታት ቀርተውታል። ውጤት ሲለጠፍ ምን እንደምንል ከአሁኑ እናስብበት። አላህ ለሁላችንም ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።