ክፍል ከመደርደራችሁ በፊት ተከራዩን አስቡ

“ብሩ ባንክ ተቀምጦ ዋጋ ከሚያጣ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ክፍል ሠርቶ ማከራየት ይሻላል” የሚል ወጣት ብዙ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ተከራዩ ማነው? ከገጠር ስንቁን ይዞ የሚመጣ ተማሪ፣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ነው። ትምህርት ሲቋረጥ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ በተወደደ ቁጥር ደግሞ የመምህሩ ደመወዝ አብሮ አይጨምርም።

ሕጉንም እወቁት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በክልል የትኞቹ ከተሞች እንደሚካተቱ የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ “የዓመት ኪራይ ቀድሜ ተቀብዬ ብድሬን እከፍላለሁ” ብላችሁ አትጀምሩ።

በብድር አሥር ክፍል ከመደርደር በራሳችሁ ብር ሁለት ክፍል ሥሩ፤ ውሃና መብራት አስገቡላቸው። ባዶ ክፍል የባንክ ወለድ አይከፍልም።